ለጋሼ የቤት ምረቃ የኮክቴል ዕቃ ልስጠው?

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ታላቅ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ነው። ጋሼ ነው የምለው፤ አባታችን ካረፈ በኋላ አሳድጎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዘንድሮ እግዚአብሔር ረድቶት ቤቱን ሠርቶ ጨረሰ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ያስመርቃል።

ጋሼ መጠጥ አያበዛም። እንግዳ ሲመጣ ግን ጂን በሎሚ፣ ጂን በዝንጅብል እያለ መቀላቀል ነፍሱ ነው። የሚቀላቅለው በኦቾሎኒ ቅቤ ማሰሮ ነው። የሚያጠለው በሻይ ማጥለያ ነው። እኔም 18 ዕቃ ያለው፣ ከእንጨት ማስቀመጫ ጋር የሚሸጥ የኮክቴል ዕቃ አየሁና ልገዛለት አሰብኩ። እናቴ ስትሰማ "ለቤት ምረቃ የመጠጥ ዕቃ ይሰጣል እንዴ? ብርድ ልብስ ግዢለት" አለችኝ። የጋሼ ሚስት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ምን ይሻለኛል?»
እህት፣ ከሸዋ ሮቢት

የኔ እህት፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ዕቃውን ግዢለት። 18ቱን ግን ተዪው።

ስጦታ የሚያምረው የሰውየው እጅ የለመደውን ሲከተል ነው። ጋሼ በማሰሮና በሻይ ማጥለያ ለዓመታት እንግዳ አስተናግዷል። አንቺ ያንን አይተሽ ነው ይህን ያሰብሽው። ብርድ ልብሱን እናታችሁ ትስጠው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው ደግሞ ከሌላውም ዘመድ አያጣውም።

18ቱን ተዪው የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ለባለቤቴ እንዲህ ያለ ስብስብ ገዝቼ ነበር። ማስቀመጫው ያምራል፣ ዕቃው ያብረቀርቃል። የዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግዶች ተቀምጠው ሼከሩን (መጠጡ ከበረዶ ጋር ተዘግቶ የሚነቀነቅበትን ጣሳ) በበረዶ ሞላው፣ ነቀነቀ፣ ከዚያ ክዳኑ አልከፈት አለ። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ውጪው ጣሳ ክዳኑን አንቆ ይይዘዋል። ባለቤቴ ይህን አላወቀም። በጠረጴዛው ጠርዝ መታው። ተከፈተ፣ ግን ጠርዙ ጎበጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክዳኑ ገጥሞ አያውቅም፤ በነቀነቀው ቁጥር ሎሚው በክንዱ ይወርዳል። የመውቀጫው ቫርኒሽ በሦስተኛው ወር ተላጠ። ከቀሩት ዕቃዎች አብዛኞቹን አንድ ቀን እንኳን አልነካናቸውም። ሻጩን መልሼ ባናግረው «ጌጥ ነው እንጂ» አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ባለቤቴ ከጓደኞቹ ፊት ያፈረው እኔ በሰጠሁት ዕቃ ነውና።

ስለዚህ በ18ቱ ዋጋ አምስት ወይም ስድስት ደህና ዕቃ ግዢ።

መጀመሪያ ሼከሩ። በብዛት የምታገኚው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለ ሦስት ክፍል ነው፤ ጣሳ፣ ቀዳዳ ያለው አንገትና ትንሽ ቆብ። ማጥለያው እዚያው ስላለበት ለጀማሪ ይመቻል። ሁለተኛው ቦስተን ሼከር የሚሉት ነው። ሁለት ጣሳ ነው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ አነስ ያለ፣ አፍ ለአፍ ይጋጠማሉ። ለጋሼ ሁለተኛውን እመርጥለታለሁ። ምክንያቱ ዝንጅብሉ ነው። የተወቀጠ ዝንጅብል የባለ ሦስት ክፍሉን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል፤ እንግዳ እየጠበቀ ጠብ ጠብ ይላል። ሁለቱ ጣሳ ግን አፉ ሰፊ ነው፣ ለማጠብም ይቀላል፣ ክዳን ተያዘ ማለት የለም። ሲጣበቅ እንኳን መጋጠሚያውን በመዳፍ ጎን መታ ሲያደርጉት ይለቃል። ትልቁ ጣሳ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ትንሹ 500 ገደማ ቢይዝ ጥሩ ነው። ሁለቱም ብረት ይሁኑ። አንዱ ብርጭቆ የሆነም አለ፤ ሕፃን ለሚጠበቅበት ቤት አልመክረውም።

ቦስተኑን ካጣሽ ባለ ሦስት ክፍሉን ግዢ፣ ግን ወፍራሙን። ክዳኑ ሲይዝ መጋጠሚያውን ዙሪያ በሞቀ ውሃ በተነከረ ፎጣ ለጥቂት ሰከንድ ይያዘው፤ ይለቃል። ይህን በወረቀት ጽፈሽ ሳጥኑ ውስጥ ክተችለት።

ሱቅ ውስጥ አትፈሪ፣ አስከፍቺና ፈትሺ። ውሃ ለምኚ። ግማሽ ሙዪው፣ ግጠሚው፣ ደፍተሽ አንድ ደቂቃ ያዢው። ካንጠባጠበ መልሺ። ጠርዙን በጣትሽ ዳሺው፤ የሚቧጭር ነገር ካለ ይቅር። ጎኑን በአውራ ጣትሽ ጫን ስትዪው እንደ ጣሳ ቢራ ጎድጎድ ካለ ስስ ነው። ከታች 304 ወይም 18/8 የሚል ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ኒኬል ያለው የማይዝግ ብረት ማለት ነው። የመዳብ መልክ ያለው ሲያዩት ልብ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ግን ውስጡ በብረት ያልተሸፈነ መዳብ ከሎሚ ጋር አይሆንም። ሎሚ መዳቡን ያሟሟዋል፣ ሆድ ይረብሻል። ቀለም የተቀባውም ቢሆን ጊዜ አይፈጅም፣ ይላጣል።

ቀጥሎ መለኪያው። ጂገር ይሉታል። እኛ አገር ግን ስሙም ዕቃውም ከጥንት አለ፤ አረቄ የሚቀዳበት ትንሿ ብርጭቆ መለኪያ አይደለች? ልዩነቱ ይህኛው ልክ አለው። አንዱ ጫፉ 30፣ ሌላው 60 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ፈልጊ። ውስጡ የ15 እና የ45 መስመር ካለው ይበልጥ ይመቸዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ዕቃ ይሄ ነው። ጋሼ እስካሁን በዓይኑ ነው የሚቀዳው። አንድ ቀን ይጣፍጣል፣ በማግስቱ ያቃጥላል። 60 ጂን፣ 30 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ገደማ የስኳር ሽሮፕ (በውሃ የሟሟ ስኳር) ብሎ አንዴ ከለካ፣ ሁልጊዜ ያው ጣዕም ነው። ደግሞ የለካ ሰው ምን ያህል እንደጠጣ ያውቃል። ለእናታችሁ ይህን ንገሪያት።

ርካሽ መለኪያ ሲዋሽ አይቻለሁ። ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዢ። መለኪያውን ቤት ወስደሽ በውሃ ሙዪው፤ ሦስት ሲሪንጅ 30ውን አፍ ለአፍ መሙላት አለበት።

ማጥለያ። ቦስተኑን ከገዛሽ ዙሪያው ጥቅልል ሽቦ ያለው ጠፍጣፋ ማጥለያ ያስፈልገዋል። ሽቦው የጣሳውን አፍ ገጥሞ በረዶውን ያስቀረዋል። የሻይ ማጥለያውን ግን አትናቂበት! ትላልቅ ቡና ቤቶች የሚሠሩ ቀላቃዮችም በሽቦው ካጠለሉ በኋላ ከሥሩ እንደዚያ ያለ ደቃቅ ወንፊት ይይዛሉ። የዝንጅብሉን ጭረትና የበረዶውን ስባሪ የሚያስቀረው እሱ ነው። ጋሼ ሳይነግሩት ደርሶበታል።

የሎሚ መጭመቂያ እጀታው ረጅም፣ ማጠፊያው ጠንካራ ይሁን። የኛ ሎሚ ትንሽ ነው። 30 ሚሊ ሊትር ለማግኘት ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ይፈልጋል። ለብርቱካን የተሠራው ትልቁ መጭመቂያ ውስጥ ይጠፋል። ትንሹን ውሰጂ። አጠቃቀሙን ብዙ ሰው ይስታል። ሎሚው የተቆረጠበት ፊቱ ወደ ቀዳዳዎቹ፣ ልጣጩ ወደ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሲጫን ተገልብጦ ይወጣል፣ ጭማቂውም ሳይረጭ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አብዛኞቻችን እንደ ስኒ ነው የምናስቀምጠው፤ ያን ጊዜ ግማሹ ግድግዳ ላይ ነው።

መውቀጫው ትንሽ ዘነዘና ነው። ይህን ከሱቅ አትግዢ። አንድ እንጨት የሚያውቅ አናጺ ፈልጊና ከደረቀ ወይራ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አሠሪለት። ጫፉ ድብልብል፣ ልስልስ ይበል። ቫርኒሽ ግን እንዳይቀባው አደራ በዪው። የምግብ ዘይት ጠብ አድርገሽ በጨርቅ እሺው፣ በቃ። ናና በዘነዘና እንደ ነጭ ሽንኩርት አይደቀቅም፤ ጫን ጫን ተደርጎ ሽታው ሲወጣ ይተዋል። ካደቀቁት ይመራል። ዝንጅብሉን ግን እንደ ፈለገ ይውቀጠው።

ረጅሙ ማንኪያ ገንዘብ ከተረፈሽ ነው። ካልተረፈሽ ጁስ ቤት ስፕሪስ የምንበላበት ዓይነት ረጅም ማንኪያ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ እንድታስቢ እፈልጋለሁ። አንቺ ቆላ ነሽ፤ ሸዋ ሮቢት ከሰዓት በኋላ በረዶ ያለበት ብርጭቆ ገነት ነው። ጋሼ ግን 2,800 ሜትር ላይ ነው ያለው። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ማታ ማታ ውርጭ ይወርዳል። እንግዳው ጋቢ ለብሶ፣ እጁን በእሳት እያሞቀ ነው የሚቀመጠው። ያን ጊዜ በረዶ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ብርጭቆውን ሁለት ዓይነት አድርጊው። አራት አጠር፣ ወፈር ያሉ ብርጭቆዎች ለቀዝቃዛው፤ አራት እጀታ ያላቸው፣ ሙቀት የሚችሉ ብርጭቆዎች ለትኩሱ። ሱቅ የምታዪው ባለ ቀጭን እግር ብርጭቆ ይቅርብሽ። ሕፃን ሲመጣ አንድም አይተርፍም።

ለትኩሱ ደግሞ አገሩ ራሱ ሰጥቶናል። ጦስኝ አለ! ከመንዝና ከጣርማ በር ደጋ ለቅሞ የሚያመጣው ሰው አይጠፋም፤ ገበያ ላይ በጥቅል ታገኚዋለሽ። አንድ ኩባያ ውሃና አንድ ኩባያ ስኳር አፍዪ። ስኳሩ ሲሟሟ ከእሳት አውጪና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ጨምረሽ ክደኚው። ጋሼ ቤት ሲሠራ ከድኖ ረዘም አድርጎ ያቆየው፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቅጠሉ ቶሎ አይለቅም። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። አጥልለሽ በተቀቀለ ጠርሙስ ክተቺው። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት በደህና ይቆያል። ከስጦታው ጋር አንድ ጠርሙስ አብረሽ ስጪው። የፈላ ውሃ፣ የጦስኝ ሽሮፕ፣ ሎሚ፣ 30 ሚሊ ሊትር ጂን፤ በማንኪያ አማስሎ ማቅረብ ነው። ትኩስ ነገር ሼከር ውስጥ አይዘጋም። እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል፣ ሰው ያቃጥላል። አምቦ ውሃና ለስላሳም እንደዚያው ናቸው፤ ከተነቀነቀ በኋላ ነው ከላይ የሚጨመሩት።

መጠጥ ያሞቃል የሚለውን ግን አትመኑ። ቆዳ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት የሞቀን ይመስለናል እንጂ የሰውነት ሙቀት የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሌሊት በውርጭ ወደ ቤቱ በእግሩ የሚሄድ እንግዳ ካለ ጋሼ ይህን ያስብበት።

በረዶ ሲያስፈልግ፣ ከጎማ የተሠራ፣ ክዳን ያለው የበረዶ መሥሪያ ግዢለት። ክዳን የሌለው በረዶ ፍሪዘር ውስጥ የሥጋና የበርበሬ ሽታ ይጠጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ በረዶውን ለሰዓታት ያቆይለታል። ጋሼ ፔርሙዝ አያጣም።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ደብረ ብርሃን የአረቄ አገር ነው። አረቄ አውጥተው፣ ሸጠው፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናቶችን አውቃለሁ፤ ክብር ይገባቸዋል። ጋሼም አንድ ቀን ዳግም አረቄውን ከሎሚና ከማር ጋር ልሞክረው ማለቱ አይቀርም። ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል አለው። ሎሚና ስኳር ሲገባበት ማቃጠሉ ይጠፋል፣ ሰው ሳያውቀው ሦስትና አራት ይጠጣል። ከዚህ የባሰም አለ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ ማን እንዳወጣው የማይታወቅ መጠጥ ለኢንዱስትሪ በሚሆን አልኮል ተበርዞ ሊሆን ይችላል። በውስጡ ያለው ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በመልክም በጠረንም አይለይም። ስለዚህ ሼከሩ ውስጥ የሚገባው የታሸገ፣ ምልክቱ የሚታወቅ መጠጥ ብቻ ይሁን። ይህንንም ወረቀቱ ላይ ጻፊለት። ከአንቺ ከሆነ ይሰማል።

ስለ እናትሽ። ስጋቷን ቀላል አታድርጊው። መጠጥ ያፈረሰውን ቤት ያላየ እናት የለም። አንቺ አያበዛም ብለሽኛል፣ አምኜሻለሁ። ግን ራስሽን ብቻሽን ሆነሽ ጠይቂ። ጋሼ እንግዳ በሌለበት ቀንስ ይጠጣል? ጠጥቶ ሚስቱን ያስከፋበት ቀን አለ? አለ ካልሽ ይህ ስጦታ ይቅር፤ የቡና ዕቃ ግዢለት። የለም ካልሽ ግዢና ለእናትሽም አስረጃት። የኮክቴል ዕቃ ማለት የመጠጥ ዕቃ ብቻ አይደለም። ሼከር ጭማቂም ይነቀንቃል፣ መጭመቂያውም በጾሙ ወራት ሁሉ ይሠራል። መቀላቀልም ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1806 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ኮክቴል ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ነገር ነው ብሎ ነበር የመለሰው። ማርን፣ ውሃንና ጌሾን አስማምተው ጠጅ የሚጥሉ እናት ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

የጋሼ ሚስት ግን አንድ ጉንጭም አትቅመስ። በእርግዝና ጊዜ ይህን ያህል ችግር የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም። እሷ ከእንግዶቹ መካከል ባዶ እጇን እንዳትቀመጥ የራሷን ይሥራላት። ሁለት ሎሚ፣ አምስት ስድስት ቅጠል ናና፣ አንድ ማንኪያ ማር በለብ ያለ ውሃ ተሟሙቶ፣ በረዶ። አሥር አሥራ አምስት ሰከንድ ይነቅንቀው። ጣሳው ላይ ጤዛ ሲወጣና እጁን ሲያቀዘቅዘው በቃው። አጥልሎ ከላይ አምቦ ውሃ ይሙላበት። እናታችሁም ከዚሁ ይቅመሱ። በዚያ ቀን ሼከሩ መጀመሪያ የሚከፈተው በዚህ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ጋሼ ይህን ካንቺ ቢሰማ እምቢ አይልም።

አጠቃለልሽና የት ታስቀምጪዋለሽ? የእንጨት ማስቀመጫውን እርሺው። የሚያምር የስፌት ሙዳይ ወይም ሰፋ ያለ ዘንቢል ግዢ፤ ዕቃዎቹን በአዲስ ፎጣ ጠቅልለሽ ደርድሪበት። ፎጣውም ለብርጭቆ ማድረቂያ ይሆነዋል። ደብረ ሲና ስትደርሺ መኪናው ከቆመ ቆሎ ግዢና ጨምሪ፤ እንዲህ ላለ ነገር ከቆሎ የተሻለ ማጣጣሚያ የለም።

ሎሚውን ከሸዋ ሮቢት ይዘሽ ውጪ። ከ30 ያላነሰ ይሁን። ልጣጩ ስስ፣ ለስላሳና ለመጠኑ ከበድ የሚለውን ምረጪ፤ ጭማቂ ያለው እሱ ነው። በፌስታል ግን አትቋጥሪው፤ መንገድ ላይ ያልበዋል። በወረቀት ጠቅልለሽ ከዘንቢሉ ላይኛው በኩል አድርጊው።